ሙፍቲው፣ ሙአዚኑና ዊልቸር ገፊው

በኡመያዎች ዘመን የሐጅ ወቅት ሲገባ መካ ላይ አዋጅ ይነገር ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ዓጣእ ኢብን አቢ ረባሕ እያለ ሌላ ሰው ለሕዝቡ ፈትዋ እንዳይሰጥ የሚል። ከሻም፣ ከኢራቅ፣ ከግብፅና ከየመን የጎረፈው ሐጃጅ ስለ ኢሕራሙ፣ ስለ ጠዋፉ፣ ስለሚያርደው እርድ ግር ያለውን ሁሉ ይዞ ወደዚያ አንድ ሰው ይሄዳል። ተራው ደርሶ ፊቱ የተቀመጠው ጠያቂ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያይ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ሳያድበሰብሱ ጽፈዋል። ጥቁር ነው፤ አፍንጫው ደፍጣጣ ነው፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ አንድ እጁ የሰለለ፣ እግሩም የሚያነክስ ነው። ዕድሜው ሲገፋ የቀረችው ዓይኑም ጠፋች።

ዓጣእ የተወለደው የመን ውስጥ ጀነድ በተባለች ከተማ ሲሆን ያደገው መካ ነው። ወገኑ ከኑቢያ እንደሚመዘዝ ይነገራል። ከቁረይሾች ጋር የነበረው ትስስርም የነጻ አውጪና የነጻ ወጪ እንጂ የደም አልነበረም። ዕውቀቱን የቀሰመው ከነብዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ከዐብደላህ ኢብን ዐባስ ነው፤ እሳቸውም በመጨረሻ ዕድሜያቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ማስተማራቸውን ያላቋረጡ ሊቅ ነበሩ። ዓጣእ ለ20 ዓመታት መኝታው የመስጂዱ ወለል እንደነበር ደረሶቹ ተናግረዋል። ከኩፋ የመጣው አቡ ሐኒፋ ካገኛቸው ሰዎች ሁሉ እሱን የሚበልጥ እንዳላየ መስክሯል። ኸሊፋው ሱለይማን ኢብን ዐብዱልመሊክ ደግሞ ልጆቹን አስከትሎ ሄዶ ስለ ሐጅ ሥርዓት ጠይቆታል፤ ከፊቱ ሲነሣ ልጆቹን ዕውቀት እንዲሹ የመከራቸው፣ በዚህ ጥቁር ሰው ፊት ምን ያህል ዝቅ እንዳሉ ባየ ጊዜ ነው ይባላል። ዓጣእ በ114 ወይም በ115 ዓመተ ሒጅራ አረፈ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 732 ወይም 733 ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ካልሆኑ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዚህ ሰው የሥራ ቦታ ሐረሙ፣ የመካው ታላቅ መስጂድ ነበር። መወጣጫ፣ ልዩ ወንበር፣ የንባብ መሣሪያ የሚባል ነገር ያኔ የለም። ሥራው ግን ከሰውነቱ ጋር የሚስማማ ቅርጽ ነበረው። እሱ አይዞርም፤ ጠያቂው ይመጣለታል። መጽሐፍ መግለጥ አይጠበቅበትም፤ ዕውቀቱን በቃሉ ይዞታል። መጻፍ ካስፈለገም ረጅም ዘመን አብሮት የኖረው ኢብን ጁረይጅ አለ፤ መካ ውስጥ ሐዲስን በመጽሐፍ ካሰባሰቡት ቀዳሚዎች አንዱ ይኸው ደረሳ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አዋጁ ይመስላል። አንድ እንግዳ ሰው መልኩን ዓይቶ ወደ ሌላ ሊቅ ዘወር እንዳይል፣ ችሎታው በመንግሥት ስም አስቀድሞ ተነግሮለታል።

የዓጣእ ሹመት ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። ከእሱ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነብዩ ሙሐመድ መዲና ላይ ሁለት ሙአዚኖች ነበሯቸው። አንዱን፣ ቢላል ኢብን ረባሕን፣ ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ መካ ውስጥ በባርነት ሳለ የጋለ ድንጋይ ደረቱ ላይ የተጫነበት፣ ከተማዪቱ በ630 እጅ ስትሰጥ ደግሞ ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያለው ሐበሻ ነው። ሁለተኛው የመካ ተወላጅ የሆነው ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም ነው። የቁርኣን 80ኛ ምዕራፍ፣ ሱረቱ ዐበሰ፣ የወረደው በእሱ ምክንያት እንደሆነ ሙፈሲሮች ያስረዳሉ። ነብዩ የቁረይሽ ሹማምንትን ሲያነጋግሩ ሊጠይቃቸው መጥቶ ፊታቸውን ስላዞሩበት የወረደ ተግሣጽ ነው።

የሁለቱ ሙአዚኖች የሥራ ክፍፍል ቡኻሪ በመዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ይገኛል። ቢላል ገና በሌሊት አዛን ይላል፤ የእሱን ድምፅ የሰማ ጿሚ መብላት መጠጣቱን ይቀጥላል። የኢብን ኡሙ መክቱም አዛን ሲሰማ ግን መብል ያበቃል፤ ሱብሒ ገብቷልና። ንጋቱን በዓይኑ ማየት ስለማይችል ሰዎች መንጋቱን ነግረውት ነው የሚነሣው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ለዓይነ ስውሩ የሌሊቱን አዛን፣ ጥቂት ቢዘገይ ወይም ቢፈጥን ማንንም የማይጎዳውን መስጠት ይቀል ነበር። የተሰጠው ግን ከተማው ሁሉ ጾሙን የሚይዝበት፣ ደቂቃው የሚቆጠረው አዛን ነው። የጎደለውን አንድ ነገር፣ የንጋቱን ወሬ፣ ባልደረቦቹ ሞሉለት፤ የቀረውን ሥራ በሙሉ እሱ ሠራው። ነብዩ ለዘመቻ ሲወጡም ደጋግመው መዲናን በእሱ ኃላፊነት ትተው ሄደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አሠሪዎችን የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሥራውን ሳይቀንሱ እንቅፋቱን ማንሣት፤ ሰውየው የሚችለውን ሳይነኩ የማይችለውን ብቻ በሌላ መንገድ መሙላት። ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚባለው ይኸው ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ስምምነቱን በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብለዋል።

ይህን ታሪክ በዚህ ብቻ ጨርሶ ማለፍ ግን ታማኝነት ይጎድለዋል። በመካና በመዲና ሐረሞች አገዋት የሚባሉ ጃንደረቦች ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግለዋል፤ ብዙዎቹ ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ነበሩ። ከምጽዋና ከታጁራ በጀልባ የተጫነው ልጅ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳ ይወርዳል፤ ከዚያ ለሸማች ይቀርባል። የተሰለበው ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ሐረም የደረሱት ወለሉን አጥበዋል፣ መብራት አብርተዋል፣ በጠዋፍ ሰዓት ሴቶችን ከወንዶች ለይተዋል፣ የመንግሥት እንግዶችን ተቀብለዋል። የራሳቸው ሸይኽ፣ የራሳቸው ማዕረግ፣ ከወቅፍ የሚገኝ የራሳቸው ገቢ ነበራቸው፤ ሲያልፉ ሰው እጃቸውን ይስም ነበር። ይህ ሁሉ ክብር በልጅነታቸው የተፈጸመባቸውን በደል አይሽረውም። ዓጣእ አካሉ ጎድሎ ሳለ ሥራ አገኘ፤ እነዚህ ግን ለሥራው ተብሎ አካላቸው ጎደለ። ባርነት በሳዑዲ ዓረቢያ በሕግ የቀረው በ1962 ነው፤ የአገዋቱም ቁጥር ከዚያ ወዲህ በእርጅናና በሞት እየተመናመነ ሄዷል። የመካ የሥራ ታሪክ ሲጻፍ እነዚህ የሐበሻ ልጆች ሊረሱ አይገባም።

ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ስንመጣ አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት በ1953 ታላቁ ሙፍቲ የሚል ሹመት ካቆመ ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም ኣል አሽ-ሸይኽ እስከ 1969 በሥልጣን ላይ ቆዩ። ከዚያ ሹመቱ ለረጅም ጊዜ ክፍት ኖሮ በ1993 ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ ተሾሙ። እሳቸው በ1999 ሲያርፉ ዐብዱልዐዚዝ ኣል አሽ-ሸይኽ ተተኩ፤ እስከ ሞቱበት እስከ መስከረም 2025 ድረስም ሠሩ። መካ ላይ ብቻ ያተኮርን እንደሆነ ደግሞ አራተኛ ሰው አለ፤ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡት ዐብደላህ ኢብን ሑመይድ። ንጉሥ ፈይሰል በ1964 የሐረሙን ሃይማኖታዊ ቁጥጥር በኃላፊነት ሰጧቸው፤ እዚያው ሐረም ውስጥ ደርስ ይሰጡ ነበር። በ1975 የአገሪቱን ከፍተኛ የፍርድ ምክር ቤት እንዲመሩ ተደረገ።

ኢብን ባዝ ሪያድ በ1910 ሲወለዱ ዓይናማ ነበሩ። በ16 ዓመታቸው ገደማ የዓይን ሕመም ያዛቸው፤ 20 ሲሞላቸው ፈጽሞ አያዩም። ከ1938 ጀምሮ በኸርጅ ለ14 ዓመታት ቃዲ ሆኑ፤ ቀጥሎ በ1961 የተከፈተውን የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ በምክትልነት፣ ኋላም በፕሬዚዳንትነት መሩ። የሥራ ቀናቸው የሚያልፈው በሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ጸሐፊ ደብዳቤውን ያነብላቸዋል፣ መልሱን በቃል ያስጽፋሉ፣ ጸሐፊው መልሶ ያነብላቸዋል፣ ወረቀቱ በማኅተማቸው ይታተማል። በፈትዋው ውስጥ ያለው ሐዲስ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጉ የመጽሐፉን ስምና ምዕራፍ ጠቅሰው እንዲነበብላቸው ያዛሉ። አንባቢ ጸሐፊ ለሹመቱ የተመደበ ቋሚ የሥራ መደብ እንጂ በቸርነት የሚሰጥ እርዳታ አልነበረም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ብዙ የዘመናችን መሥሪያ ቤቶች ይህን አንድ ነገር መቀበል አቅቷቸዋል። ሸይኹ በግንቦት 1999 ጣኢፍ ላይ ሲያርፉ ሶላታቸው የተሰገደው በሐረም ነው፤ መቃብራቸውም መካ ነው።

እዚህ ላይ ጅዳ በታሪኩ ውስጥ ትገባለች፤ የገባችውም በሬዲዮ ነው።

የሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያው ሬዲዮ ጣቢያ ሥርጭቱን የጀመረው በ1949 በሐጅ ሰሞን ከጅዳ ነው። በቃል የተያዘ ዕውቀት ለማይክሮፎን የተፈጠረ ይመስላል። ወረቀት ማየት የማይችል ሊቅ ከወረቀት ከሚያነብ ተናጋሪ ይልቅ ሬዲዮ ላይ ይበልጥ አንደበቱ የቀና ሆኖ ተገኘ። ኋላ ላይ የተጀመረው «ኑር ዐለ-ድ-ደርብ» የተሰኘው የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ኢብን ባዝን በየመንደሩ ሰው ጆሮ አደረሳቸው፤ ካሴቱና ስልኩ ደግሞ አበዙት። በዐረፋ ቀን ከነሚራ መስጂድ የሚተላለፈውን ኹጥባ ዐብዱልዐዚዝ ኣል አሽ-ሸይኽ ከ1982 እስከ 2015 በየዓመቱ አቅርበዋል። በዓለም ዙሪያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚከታተለው ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን የሰማው አንድ ዓይነ ስውር ሰው ያለ ጽሑፍ የሚያደርገውን ንግግር ነው።

ጅዳ ሌላ ታዋቂ ዓይነ ስውር እንግዳም አስተናግዳለች። ግብፃዊው ደራሲና የቀድሞ የትምህርት ሚኒስትር ጣሃ ሑሴን በ1955 የዓረብ ሊግን የባህል ኮሚቴ ስብሰባ ለመካፈል ጅዳ መጡ፤ ወደ መካም ተሻግረው ዑምራ አደረጉ። ጣሃ ሑሴን ሚኒስትር ሳሉ ትምህርት እንደ ውኃና እንደ አየር ለሁሉም ይዳረስ ብለው የተነሡ፣ ግብፅ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ እንዲሰጥ ያደረጉ ሰው ናቸው። በወቅቱ በሒጃዝ ለዓይነ ስውር ሕፃን የተከፈተ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልነበረም። ዓይነ ስውር ልጅ የነበረው መንገድ አንድ ነው፤ ቁርኣን በቃል መያዝ፣ ከቀናም ሊቅ መሆን። መንገዱ እንደ ኢብን ባዝ ያለ ሰው አፍርቷል፤ ግን የማስታወስ ችሎታው እንደ እሳቸው ያልሆነው፣ ወይም ልቡ ወደ ሌላ ሙያ ያዘነበለው ልጅ ወዴት ይሂድ? ለዚያ መልስ አልነበረም።

መልሱ መምጣት የጀመረው በብሬል ነው። በ1960 ሪያድ ላይ የኑር ተቋም ለዓይነ ስውራን ተከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መካም የራሷን አገኘች። በ1964 ደግሞ መስማት ለተሳናቸው የአመል ተቋም ተመሠረተ። የሁለተኛው መዘግየት ትርጉም አለው። የመካ የሥራ ባህል ከአዛን እስከ ኹጥባ፣ ከደርስ እስከ ፈትዋ የተገነባው በድምፅ ላይ ነው። ዓይነ ስውሩን የሚያስገባው በር መስማት የተሳነውን ያስቀራል። ሬዲዮም ሲመጣ ለአንደኛው ሰገነት፣ ለሌላው ግድግዳ ነበር። መስማት የተሳነው ሰው በሐረም የጁሙዓ ኹጥባ የምልክት ቋንቋ ትርጉም ያገኘው ማይክሮፎኑ ከገባ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በቅርብ ዘመን ነው። አንድ አዲስ መሣሪያ ሥራ ቦታ ሲገባ ማንን እንደሚያስገባ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደሚያስወጣም መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

በሐረሙ ውስጥ ሌላ የሥራ ታሪክ አለ፤ የተሸካሚዎቹ። መራመድ ለማይችል ሐጃጅ ጠዋፍ የሚያደርግበት መላ መፈለግ የተጀመረው በነብዩ ዘመን ነው፤ ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ ታምመው ሳሉ ከሰዎች ኋላ እየጋለቡ ጠዋፍ እንዲያደርጉ ፈቅደውላቸዋል። በኋለኞቹ ዘመናት ሥራው የጉልበተኞች ሆነ። ሸብሪያ የሚባል የእንጨት ቃሬዛ አለ፤ አረጋዊው ወይም አካል ጉዳተኛው ይቀመጥበታል፣ ተሸካሚዎች በጭንቅላታቸውና በትከሻቸው ይዘውት ካዕባን ሰባት ጊዜ ይዞራሉ፣ ከዚያም በሰፋና በመርዋ መካከል ይመላለሳሉ። በሰፋና በመርዋ መካከል ያለው መንገድ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሱቆች የታጀበ የገበያ ጎዳና ነበር፤ ተሸካሚው ሸክሙን ይዞ በሸማቹ መካከል ይጋፋል። በ1955 የተጀመረው የመስጂዱ ማስፋፊያ ገበያውን አስነሥቶ መንገዱን በጣሪያ ሸፈነው፤ ኋላም መሐል ለመሐል ለዊልቸር የተለየ መተላለፊያ ተበጀለት።

ዊልቸር ሲመጣ የሸብሪያው ተሸካሚ ዊልቸር ገፊ ሆነ። ሥራው አሁንም የጎልማሳ ጉልበት ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰደርያ ለብሶ ይገፋል፣ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ደግሞ ዘበኛ እያየ። በ2013 ማስፋፊያው ሲጧጧፍ፣ ዊልቸሮች ከሕዝቡ ጋር እንዳይጋፉ በካዕባ ዙሪያ ክብ ጊዜያዊ ድልድይ ተሠራ፤ በ2016 ፈረሰ። ዛሬ በላይኛዎቹ ፎቆች በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ጋሪዎች አሉ፤ በስልክ መተግበሪያ ቀድሞ ማስያዝ ይቻላል። ጋሪው የሚታዘዘው በእጅ ነው። ሸብሪያ ለመሸከም ሁለት ጠንካራ እግርና ሰፊ ትከሻ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ጋሪ ለመንዳት ግን እግር አያስፈልግም። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ሾፌር ሆኖ ሌላውን ሊያዞር ይችላል ማለት ነው። ሐረሙ ለአካል ጉዳተኛው እንግዳ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፤ መወጣጫው፣ አሳንሰሩ፣ የብሬል ቁርኣኑ፣ ጋሪው ሁሉ ለእንግዳው ነው። በዓጣእ ዘመን ለእንግዳው ምንም አልተበጀለትም፤ ሙፍቲው ግን አካል ጉዳተኛ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ቦታ ቢታዩ ምን ያህል ያምር ነበር።

የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ቀጣሪን ማስገደድ የጀመረው በ1969 የሠራተኛ ሕግ ነው፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሙያ ማገገሚያ ሥልጠና ከወሰዱ አካል ጉዳተኞች 2 በመቶ እንዲቀጥር ተደነገገ። በ2000 የአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ሕግ ወጣ። የ2005 የሠራተኛ ሕግ ደግሞ ግዴታውን አሰፋው፤ በ28ኛው አንቀጹ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሥራው ጠባይ እስከፈቀደ ድረስ ከሠራተኞቹ 4 በመቶ የሚሆኑት አካል ጉዳተኞች እንዲሆኑ ይጠይቃል። ቀጥሎ ያለው 29ኛው አንቀጽ ብዙ ጊዜ አይነሣም እንጂ ከ28ኛው አያንስም። በሥራ ላይ አደጋ ደርሶበት የቀድሞ ሥራውን መሥራት ያቃተው፣ ሌላ ሥራ ግን መሥራት የሚችል ሠራተኛ ቢኖር አሠሪው በሚስማማው ሥራ ላይ ሊያሠራው ይገባል ይላል።

ኮታ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ የታየው ከ2011 በኋላ ነው። ኒጣቃት የተሰኘው የሥራ ቦታዎችን በዜጎች የመሙላት ፕሮግራም አንድ አካል ጉዳተኛ ሳዑዲ የቀጠረ ድርጅት እንደ አራት ዜጋ እንዲቆጠርለት ፈቀደ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ያመጣው ግን በወረቀት ላይ ያለ ሠራተኛ ነው፤ ስሙ ደመወዝ መዝገብ ውስጥ አለ፣ ጥቂት ገንዘብ በየወሩ ይላክለታል፣ ቢሮ ግን እንዳይመጣ ይነገረዋል። ሰውን ለቁጥሩ ፈልጎ ለሥራው አለመፈለግ ጭካኔ ነው፤ ደመወዝ ስለተከፈለበትም ጭካኔነቱ አይቀርም። መሥፈርቱን ማጥበቅ ግድ ሆነ። ሙዋአማ የተባለው የምስክር ወረቀት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ድርጅቶች የሚመዘኑት ስንት ሰው መዘገቡ ብቻ ሳይሆን ሕንፃቸው፣ መሣሪያቸውና አሠራራቸው ለአካል ጉዳተኛው ምን ያህል እንደተመቸ ነው። በ2018 የአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ አዲስ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ሕግ ወጣ። የመጀመሪያው ሕግ ስሙ እንክብካቤ ነበር፤ የሁለተኛው መብት ነው።

ቴክኖሎጂውም አልቆመም። ሳኽር የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኢብሳር የተሰኘ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን የዓረብኛ ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ ያነባል። አሁን ይህ ሥራ በየሰው ኪስ ባለ ስልክ ውስጥ አለ። የኢብን ባዝ ጸሐፊ ያደርገው ከነበረው ግማሹን፣ ማንበቡንና መልሶ ማንበቡን፣ ማሽን ተረክቦታል። በ2010ዎቹ አጋማሽ የተስፋፋው የርቀት ሥራ ፕሮግራምም ሴቶችንና አካል ጉዳተኞችን ታሳቢ ያደረገ ነበር፤ ጅዳ ውስጥ ከቤቱ ሳይወጣ ደንበኛ የሚያነጋግር ሠራተኛ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከዓጣእ ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ይቀራል፤ ሥራው ወደ ዓጣእ ሲመጣ ሕዝቡም አብሮ ይመጣ ነበር። ቤቱ ተቀምጦ በስክሪን የሚሠራው ሰው ባልደረቦቹን አያገኝም፤ ሹመት ሲታደልም ላይታወስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሕግ የሚናገረው በዋነኛነት ስለ ዜጎች ነው። ጅዳ ውስጥ ግን እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ሴቶቹ በአብዛኛው ቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ በጥበቃ፣ በሾፌርነት፣ በግንባታና በእረኝነት። በሕጋዊ መንገድ የሚሄደው ሰው ከመነሣቱ በፊት የሕክምና ምርመራ ያልፋል፤ ጤናው ያልተሟላ አይሄድም። እንግዲህ አካል ጉዳተኛ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ጅዳ ላይ ካለ አካሉ የተጎዳው እዚያው ወይም በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው፤ ከፎቅ መስኮት ሲያጸዳ ወድቆ፣ በፈላ ዘይት ተቃጥሎ፣ ከስካፎልድ ላይ ተንሸራቶ፣ ወይም በየመን በኩል በእግሩ ሲሻገር ቆስሎ።

የግንባታ ሠራተኛው የሕግ ከለላ አለው። የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት የሥራ ላይ አደጋ መድን የውጭ ዜጎችንም ይሸፍናል፤ ከደመወዙ 2 በመቶ የሚሆነውን መዋጮ የሚከፍለው አሠሪው ነው። 29ኛው አንቀጽም ሠራተኛ ይላል እንጂ ሳዑዲ አይልም። የቤት ሠራተኛዋ ግን ከሁለቱም ውጭ ናት። የሠራተኛ ሕጉ 7ኛ አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያወጣቸዋል፤ የማኅበራዊ ዋስትና ሕጉም አይጨምራቸውም። በ2013 ለእነሱ ብቻ የወጣው ደንብ በቀን 9 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ ሰጥቷል። ይህ ቀላል አይደለም። አከርካሪዋ የተጎዳች ሴት በሌላ ሥራ እንድትቀጥል የሚያስገድድ አንቀጽ ግን አልነበረውም። መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ሥራው ሲያበቃ አገሩም ያበቃል።

በዚያው በ2013 መጨረሻ የተጀመረው ማባረር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አዲስ አበባ መለሰ። ብዙዎቹ የሄዱት በጅዳና በመካ መካከል ባለው የሹመይሲ ማቆያ በኩል ነው። ከአውሮፕላን ከወረዱት መካከል በቃሬዛ የወረዱ፣ በሰው ተደግፈው የወረዱ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣች፤ የሠራተኛውን መድን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ይደነግጋል። ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋርም በ2017 የሥራ ስምምነት ተፈርሟል።

አገር ቤት የሚጠብቃቸው ሕግ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከት። አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ አድሎ ደርሶብኛል የሚል ሰው ሲከስም የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ኮታ ግን የለውም። ሳዑዲ ዓረቢያ ኮታ አላት፤ ኮታው ለዜጋዋ ነው። ኢትዮጵያ ለዜጋዋ መብት ሰጥታለች፤ አሠሪው ቀጥሮ እንዲጀምር የሚገፋ ቁጥር አላስቀመጠችም። ጅዳ ላይ ወገቧ የተሰበረባት ሴት በሁለቱ ሕጎች መካከል ትወድቃለች። ሁለቱ መንግሥታት ለሚቀጥለው ስምምነት ሲቀመጡ የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች አንድ ነገር አጥብቀው ሊጠይቁ ይገባል፤ የ29ኛው አንቀጽ ጥበቃና የሥራ ላይ አደጋ መድኑ ለቤት ሠራተኞችም እንዲዘረጋ፣ ካሳውም ሠራተኛዋ አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት እንዲከፈል።